ኤስ 500 ወይስ ኤም 5? ከመፈረማችሁ በፊት መኪናው የሚያድርበትን ቦታ እዩ

ሁለቱም 120 ሺህ ዶላር አካባቢ ናቸው። አንደኛው መርሰዲስ ኤስ 500 ነው። በቤንዚን የሚሄድ፣ ረጅም፣ ጸጥ ያለ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንዲመቸው ታስቦ የተሠራ ቅንጡ መኪና። ሁለተኛው ቢኤምደብሊው ኤም 5 ነው። ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ከቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተሩ ጋር የኤሌክትሪክ ሞተር ተጨምሮለታል። ቤት ተሰክቶ ይሞላል። ሁለቱ ሞተሮች አንድ ላይ 717 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ።

ዝቅ ባለ ዋጋ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ቢኤምደብሊው 5 ሲሪየስ ውስጥ ነው የሚያማርጠው። 540 አይ ቤንዚን ነው። 550 ኢ ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ነው፤ ማለትም ሞተርም አለው፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ባትሪም አለው።

እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ የአውሮፓ መኪኖች በሚጠገኑበት ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነኝ። እነዚህን መኪኖች ከሥር ተኝቼም፣ መሪያቸውን ይዤም አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ ወዳጅ ዘመድ ገንዘብ ሲያጠራቅም መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም፣ ሠርግ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ይጠይቁኛል። ሁሉም ስለ ፈረስ ጉልበት፣ ስለ ወንበር ማሳጅ፣ ስለ ቀለም ይነግሩኛል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው። መኪናው ማታ የት ነው የሚያድረው?

መጀመሪያ ሶኬቱ

ከእኛ ሰው ብዙው የሚኖረው አፓርትመንት ነው። ኮለምቢያ ፓይክ ላይ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። መኪናው የሚቆመው ጎዳና ዳር ወይም ሰፊ የጋራ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። እዚያ ሶኬት ከሌለ፣ ፕለግ ኢን መኪና መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ውድ ባትሪ ከፍላችሁ ትገዛላችሁ፣ ክብደቱን ቀን ከሌት ትጎትታላችሁ፣ ጥቅሙን ግን አታገኙትም።

"መንገድ ላይ ቻርጅ አደርጋለሁ" የሚሉ አሉ። ይህን በደንብ ስሙኝ። በየአውራ ጎዳናው የምታዩዋቸው ፈጣን ቻርጀሮች ለኤም 5ም ለ550 ኢም አይሠሩም። እነዚህ መኪኖች የሚቀበሉት እንደ ቤት ያለውን ዝግተኛ መሙያ ብቻ ነው። ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ ለ20 ደቂቃ ብትሰኩት የምታገኙት ጥቂት ማይል ነው። ፕለግ ኢን የሚያዋጣው ተኝታችሁ ሲሞላ ወይም ሥራ ላይ ሆናችሁ ሲሞላ ነው።

ቤት ያላችሁ ሰዎች ጋራዣችሁ ውስጥ ያለውን ተራ ባለ 120 ቮልት ሶኬት እዩት። ለኤም 5 በቂ ሊሆን ይችላል። ለመንዳት የሚውለው የባትሪው መጠን 14.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ባዶ ሆኖ ማታ ብትሰኩት ከ11 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ገብቶ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለሚወጣ ሰው ይሄ ይሆናል። በፈረቃ የምትሠሩ ከሆነና መኪናው ቤት የሚቆየው ስድስት ሰባት ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን 240 ቮልት ያስፈልጋችኋል። በሱ ኤም 5 በሁለት ሦስት ሰዓት ይሞላል።

240 ቮልት ለማስገባት ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ጥሩ። የሰው ወንድም "እኔ እሠራልሃለሁ" ቢልም እንኳ። የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ቅርብ ከሆነና ትርፍ አቅም ካለው ሥራው በጥቂት መቶ ዶላር ያልቃል። ሳጥኑ ከቤቱ ሌላ ጫፍ ከሆነ ወይም መለወጥ ካለበት ሁለት ሺህና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህን ዋጋ መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት እወቁት እንጂ ከገዛችሁ በኋላ አይደለም። ኤክስቴንሽን ገመድ በመስኮት አውጥቶ መሰካት ደግሞ በፍጹም አይሁን። ሌሊቱን ሙሉ ያን ያህል ኤሌክትሪክ የሚሸከም ቀጭን ገመድ ይግላል፣ እሳት ያስነሳል። ልጆች በተኙበት ቤት ይህን አታድርጉ።

ኮንዶ ያላችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። ፓርኪንጉ በስማችሁ ከሆነ፣ የኮንዶ ማኅበሩ ቻርጀር እንዳትተክሉ በደፈናው እንዳይከለክል የሚገድብ ሕግ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም አላቸው። ወጪው የእናንተ ነው፣ ደብዳቤ መጻጻፉም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ፈቃዱን አስቀድሙ፣ መኪናው ይከተል።

የመስኮቱ ወረቀት ላይ ያለው ሁለተኛው ቁጥር

አዲስ መኪና ሁሉ መስኮቱ ላይ የነዳጅ ፍጆታ ወረቀት ተለጥፎበታል። ፕለግ ኢን መኪና ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ትልቁና የሚያምረው ኤሌክትሪኩ ሲሠራ የሚገኘው ነው። ለኤም 5 እሱ 50 ነው፤ ማለትም የአንድ ጋሎን ቤንዚን ያህል ኃይል ባለው ኤሌክትሪክ የሚሄደው ማይል። ሻጩ ጣቱን የሚያደርገው እዚያ ላይ ነው። እናንተ ከጎኑ ያለውን፣ "ቤንዚን ብቻ" የሚለውን አንብቡ። ኤም 5 ባትሪው ሲያልቅ በአንድ ጋሎን ከ15 ማይል በታች ነው የሚሄደው። የሚጠጣውም ፕሪሚየም ነው።

እስኪ በገንዘብ እንየው። ፕሪሚየም ቤንዚን በጋሎን 4 ዶላር፣ የቤት ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት 17 ሳንቲም ነው ብለን እናስላ። እናንተ የራሳችሁን ቢል አውጡና ቁጥሩን ቀይሩት። ኤም 5 በኤሌክትሪክ ብቻ 25 ማይል ይሄዳል። ያን 25 ማይል ተሰክቶ በሞላ ባትሪ ብትሄዱ 3 ዶላር ያህል ያስወጣችኋል። ሳትሰኩት በቤንዚን ብትሄዱ 7 ዶላር አካባቢ። ኤስ 500 ያንኑ መንገድ በ4 ዶላር አካባቢ ይሄደዋል።

ይህን ልብ በሉ። የተሰካ ኤም 5 ከኤስ 500 ይረክሳል። ያልተሰካ ኤም 5 ከኤስ 500 እጅግ ይበልጥ ይበላል። አንድ መኪና ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ገመዱ ነው።

25 ማይል ደግሞ የት ያደርሳል? የአክስቴ ልጅ ዉድብሪጅ ነው የሚኖረው፣ ሥራው መሃል ዲሲ ነው። መንገዱ በአይ 95 አውራ ጎዳና ያንኑ 25 ማይል ገደማ ነው። ስለዚህ ጠዋት በኤሌክትሪክ ሄዶ፣ ሥራ ቦታው ላይ መሙያ ከሌለ ማታ በቤንዚን ይመለሳል። ክረምት ሲገባ፣ ማሞቂያ ሲበራ፣ አይ 95 ላይ በ70 ማይል ሲነዳ፣ መሄጃውም ላይበቃው ይችላል። ከሲልቨር ስፕሪንግ መሃል ዲሲ የሚመላለስ ሰው ግን ደርሶ መልሱን በኤሌክትሪክ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የመመላለሻችሁን ማይል ከካርታ ላይ ሳይሆን ከራሳችሁ መኪና ላይ አንብቡ። ሰኞ ጠዋት ቁጥሩን ዜሮ አድርጉ፣ አርብ ማታ እዩት፣ ለአምስት አካፍሉ። ልጅ ማድረሱም፣ ገበያውም፣ የዘመድ ቤቱም ይግባበት።

አሁን ወደ 540 አይ እና 550 ኢ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። 550 ኢ በኤሌክትሪክ 34 ማይል ይሄዳል። 483 የፈረስ ጉልበት አለው፣ 540 አይ 375። የዋጋ ልዩነታቸው በአዲሱ ከ6 እስከ 7 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። በቀን 30 ማይል የሚነዳ ሰው በ550 ኢ ለኤሌክትሪክ 2 ዶላር ከ70 ያህል ያወጣል። በ540 አይ፣ በጋሎን 28 ማይል ብንይዝ፣ 4 ዶላር ከ30። የቀኑ ትርፍ 1 ዶላር ከ60 ነው። በዓመት 300 ቀን ቢነዳ 480 ዶላር። የዋጋውን ልዩነት ለመመለስ ከ12 ዓመት በላይ ይፈጃል።

ስለዚህ "ነዳጅ እንዲቆጥብልኝ" ብላችሁ ፈጣን ፕለግ ኢን አትግዙ። ለነዳጅ ቁጠባ የሚገዛ ሌላ መኪና ሞልቷል። 550 ኢ የሚገዛው ጠዋት ሰፈሩን ሳይረብሽ ስለሚወጣ፣ ትራፊክ ውስጥ ያለ ንዝረት ስለሚሳብ፣ ስትረግጡት ደግሞ ወዲያው ስለሚነሳ ነው። ያንን ከወደዳችሁ ልዩነቱን በደስታ ክፈሉ። ጥሩ መኪና ነው። ግን ምን እንደምትገዙ እያወቃችሁ ይሁን።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ሻጩ ኤስ 500ንም ሆነ 540 አይን "ይሄም ሃይብሪድ ነው" ሊላችሁ ይችላል። ባለ 48 ቮልት ትንሽ አጋዥ ሞተር አላቸው፣ እውነት ነው። ሞተሩን ለስላሳ አድርጎ ያስነሳል፣ ሲነሱ ትንሽ ይገፋል። ግን አይሰካም፣ መኪናውንም ብቻውን ወደ ሥራ አያደርሰውም። ለምርጫችሁ ሁለቱም ቤንዚን መኪና ናቸው።

ፕለግ ኢን ሁሉ አንድ አይደለም

መርሰዲስ ኤኤምጂ ሲ 63 ኤስ ኢ ፐርፎርማንስ የሚባል መኪና አለ። ሶኬት አለው፣ ስሙም ፕለግ ኢን ነው። 671 የፈረስ ጉልበት አለው። የድሮው ሲ 63 ቪ8 ነበር፤ ይሄኛው ባለ 2 ሊትር አራት ሲሊንደር ሞተር ነው፣ ከኋላ ኤሌክትሪክ ሞተር ይገፋዋል። ባትሪው ግን 6.1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። መሐንዲሶቹ ያሰቡት ሥራ ሌላ ነው። ባትሪው በፍጥነት ኃይል እንዲሰጥና በፍጥነት እንዲቀበል ነው የተሠራው፤ ለዚህም እያንዳንዱ የባትሪ ሴል በፈሳሽ ይቀዘቅዛል። ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በአውሮፓ መለኪያ እንኳ በኤሌክትሪክ የሚሄደው 13 ኪሎ ሜትር ነው። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ሬገን ኤርፖርት ደርሶ ቢመለስ አለቀ።

ስለዚህ ፕለግ ኢን ስትመርጡ "ይሰካል ወይ?" ብቻ አትበሉ። "ስንት ኪሎዋት ሰዓት?" በሉ። ከ10 በታች ከሆነ በኤሌክትሪክ ብቻ ብዙ አይሄድም። ወደ 15 እና 20 ሲጠጋ ለዕለት መንገድም ይሆናል።

ክብደቱ

የአዲሱ ኤም 5 ክብደት 5,390 ፓውንድ ነው። ከሱ በፊት ከነበረው ኤም 5 ወደ አንድ ሺህ ፓውንድ ይበልጣል። በርዝመት ከሚበልጠው ኤስ 500ም ይከብዳል። ፋብሪካው እንደሚለው ግን በ3.4 ሴኮንድ 60 ማይል ይደርሳል፣ መታጠፊያም ላይ ከዚያ ክብደት የማይጠበቅ ቅልጥፍና አለው። ክብደቱ የሚወጣው ጎማ ላይ ነው። ፊት ለፊት 285 በ40 ባለ 20 ቸርኬ፣ ከኋላ 295 በ35 ባለ 21 ቸርኬ። የፊቱና የኋላው ስለሚለያዩ ቦታ ማቀያየር አይቻልም። የኋላው ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም ኪስ ይጎዳል። የጎማ ሱቅ ደውላችሁ የአራቱን ዋጋ ጠይቁና ወጪያችሁ ውስጥ ጻፉት። ኢንሹራንሱንም እንዲሁ። በሁለቱም መኪኖች የሻንሲ ቁጥር የኢንሹራንስ ዋጋ አስወጡ፣ በተለይ ቤት ውስጥ ወጣት ሾፌር ካለ። የኤም 5 ዋጋ ሲነገራችሁ ሐሳባችሁን የምትቀይሩ ትኖራላችሁ።

ፍሬኑ ላይ የፕለግ ኢኑ ጥቅም አለ። ሲቀንስ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ኃይል መልሶ ስለሚሰበስብ የፍሬን ሸራ ይቆያል። ብዙ ቀን ሳይነካ የቆየ ዲስክ ግን ይዝጋል። በሳምንት አንድ ሁለቴ፣ ከኋላችሁ ሰው በሌለበት፣ ረገጥ አድርጋችሁ አጽዱት። ሞተሩም እንዲሁ ነው። ለሳምንታት በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ ሰው አልፎ አልፎ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ረዘም ያለ መንገድ ይውሰደው። የዘይት ለውጡን በማይል ብቻ ሳይሆን በጊዜም ይቁጠረው።

ከኋላ ማን ይቀመጣል?

ጎረቤቴ አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። ዕድሜ ልካቸውን በሊሞ ሥራ የኖሩ ናቸው። ኤም 5ን ከልጃቸው ጋር አይተው ወደውት ነበር። "ጋሼ፣ ከፊት ተቀምጠው ነው ያዩት። እስኪ ከኋላ ይቀመጡ" አልኳቸው። ተቀመጡ። ከዚያ ኤስ ክላስ ውስጥ (ኤስ 500 የሚመደብበት ዓይነት ነው) ተቀመጡ። ሌላ ነገር መናገር አላስፈለገኝም። አሜሪካ የሚሸጠው ኤስ ክላስ ረጅሙ ነው፤ እግር ይዘረጋል። በአየር የሚሠራው ሳስፔንሽን (የመንገዱን ንዝረት የሚውጠው ክፍል) ጉድጓዱን ውጦ ያልፋል። ኤም 5 ከኋላ ሁለት ሰው በደህና ይይዛል፣ ግን ጎማው ስስ፣ ሳስፔንሽኑም ጠንካራ ነው። ፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ እያንዳንዱን ጉድጓድ ታውቁታላችሁ።

እናት አባታቸውን የሚያመላልሱ፣ እንግዳ የሚያነሱ፣ ደንበኛ የሚጭኑ ሰዎች ቤንዚኑን ቅንጡ መኪና ቢመርጡ አይቆጩም። ለጋሼ ዓይነት ሥራ ደግሞ ኤስ 500ም ሳያስፈልግ ሌክሰስ ኢኤስ 350 ብዙ ሰው ያኖረ መኪና ነው። እስከ 2025 ሞዴል ድረስ ያለው ባለ 3.5 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ተራውን 87 ቤንዚን ይጠጣል።

የሻንጣውን ቦታ ደግሞ በቁጥር አትመኑ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከደለስ ኤርፖርት ይነሳል፣ የኛ ሰው ደግሞ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ሳይሞላ አይሄድም። ሁለቱን ትልልቅ ሻንጣ ይዛችሁ ወደ ሻጩ ሂዱ። ባዶ ይሁኑ፣ ችግር የለውም። ክፈቱና አስገቡ። ፕለግ ኢን መኪና ባትሪውን የሆነ ቦታ ማስቀመጥ አለበት፤ አንዳንዱ ከሻንጣው ቦታ ላይ ይወስዳል። ኤም 5 ከተራው 5 ሲሪየስ ያነሰ ነው የሚይዘው። መሙያ ገመዱም ቦታ እንደሚፈልግ አትርሱ። የሕፃን ወንበር ያላችሁም ይዛችሁ ሂዱና አስራችሁ ሞክሩት።

ስትሞክሩት

ብዙ ሰው የሚሞክረው ሻጩ ያዘጋጀውን ነው። ባትሪው ሞልቷል፣ መንገዱ ለስላሳ ነው፣ አሥር ደቂቃ ነው። እናንተ ሌላ ዓይነት ሙከራ ጠይቁ።

ፕለግ ኢኑን ሁለት ጊዜ ንዱት። አንዴ በሞላ ባትሪ፣ አንዴ ባትሪው ሲያልቅ። ሲያልቅ ሞተሩ ሲገባና ሲወጣ ስሙት። መሪው ላይ ይነዝራል? ነዳጅ ስትሰጡ ያመነታል? በዝግታ ስታቆሙ ፍሬኑ ይንገጫገጫል? ለብዙ ዓመት አብሯችሁ የሚኖረው ይሄ መኪና ነው። ኤም 5 ላይ የባትሪውን ኃይል ለኋላ ማቆያ ኢ ኮንትሮል የሚባል ምርጫ አለ። አሳዩኝ በሉ። አውራ ጎዳናውን በቤንዚን፣ የከተማውን ትራፊክ በኤሌክትሪክ ለመሄድ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ነዳጅ መሙላትንም ሞክሩ። ቢኤምደብሊው ፕለግ ኢን ላይ መጀመሪያ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ታንኩ ግፊቱን እስኪያስተነፍስ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ነው ክዳኑ የሚከፈተው። ይህን ያልተነገረው ሰው ማደያ ላይ ቆሞ "ተበላሸብኝ" ብሎ ይደውልልኛል።

ኤስ 500ን ደግሞ መጥፎ መንገድ ላይ ውሰዱት። ሬዲዮውን አጥፉ። በ65 ማይል የንፋስ ድምፅ፣ የጎማ ድምፅ ስሙ። ቆማችሁ ሚኒሞ ላይ ሲሆን እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ። ጤነኛ ኤስ ክላስ ሞተሩ መነሳቱ አይታወቅም። ከዚያ ከኋላ ተቀመጡና ሌላ ሰው ይንዳው።

የሚስቴ እኅት ነርስ ናት፣ ማታ ነው የምትሠራው። 550 ኢን ስትሞክር እንዲህ አልኳት፦ "ከሥራ በምትወጪበት ሰዓት፣ ደክሞሽ ሳለ ሞክሪው።" እንዳልኳት አደረገች። ንጋት ላይ፣ ሳትናገር፣ ሳትቸኩል፣ በኤሌክትሪክ ብቻ ቤቷ ገባች። ለሷ የመኪናው ዋጋ ያ ጸጥታ ነበር። ጋራዥ አላት፣ ሶኬት አላት፣ መንገዷ ከ30 ማይል አያልፍም። እኔም ግዢ አልኳት።

አሮጌ ስትገዙ

የጀርመን ቅንጡ መኪና ዋጋው ቶሎ ይወርዳል። ለመጀመሪያው ባለቤት መጥፎ ነው፣ ለሁለተኛው መልካም ነው። ከሊዝ (ከረጅም ጊዜ ኪራይ) የተመለሰ የሦስት ዓመት መኪና ብዙ ጊዜ ከአዲሱ የተሻለ ግዢ ነው። ዋስትናውን ግን በደንብ አንብቡ። ቢኤምደብሊውም መርሰዲስም አዲስ መኪና ላይ የሚሰጡት አጠቃላይ ዋስትና 4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል ነው፣ ቀድሞ የደረሰው። የቢኤምደብሊው ፕለግ ኢን ትልቁ ባትሪ 8 ዓመት ወይም 80 ሺህ ማይል አለው። የሚቆጠረው ከሞዴሉ ዓመት ሳይሆን መኪናው መጀመሪያ ሥራ ከጀመረበት ቀን ነው። ቀኑን በጽሑፍ ጠይቁ።

ከዚያ ለሦስተኛ ሰው መካኒክ አሳዩት። ለሻጩ መካኒክ አይደለም፣ እናንተ ለምትከፍሉት። ኤስ 500 ከሆነ መካኒኩ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መኪና ይይ። በአየር የሚሠራው ሳስፔንሽን ካፈሰሰ ጠዋት አንዱ ጥግ ዝቅ ብሎ ይታያል። ሞተሩ ተነስቶ ከፍ ሲል ችግሩ ይደበቃል። ለዚህ ነው ሳይነሳ መታየት ያለበት። የ48 ቮልቱ ክፍል የጻፈው ስህተት ካለ በኮምፒዩተር ይነበብ፣ የዘይት ፍሳሽም ከሥር ይታይ።

ፕለግ ኢን ከሆነ የባትሪው ጤና በኮምፒዩተር ይነበብ። የመሙያው ቀዳዳ ውስጥ ያሉት ፒኖች የቀለጡ ወይም የጠቆሩ እንዳይሆኑ ይታይ። መኪናው በእውነት ተሰክቶ ይሞላ፣ እስከ መጨረሻው። እዚያው አካባቢያችሁ ከዋስትና በኋላ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚነካ ጋራዥ መኖሩንም አረጋግጡ። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶች ሥልጠና የሌለው ሰው መንካት የለበትም። ይህን እንደ መካኒክ ከልቤ ነው የምላችሁ፤ ሰው ይገድላል። ሥልጠናው ያለው ጋራዥ ርቆ ከሆነ የሚቀረው ዲለሩ (የኩባንያው ወኪል ሻጭ) ነው፣ የሰዓቱም ዋጋ የዲለር ዋጋ ነው።

የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ ሪኮል (ፋብሪካው በነጻ ሊያስተካክለው የጠራው ጉድለት) ካለ እዩ። ነጻ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም።

ታክሱና ሌላው

እዚህ ላይ አልቆይም። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው ወይም ከተማው በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ታክስ ይሰበስባል፤ የ120 ሺህ ዶላር መኪና በየዓመቱ እንደሚያስከፍላችሁ እወቁ። ዲሲ ስታስመዘግቡ ክብደት ትቆጥራለች፣ ኤም 5ም ከ5 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ሜሪላንድ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ ተሰክተው ከሚሞሉ መኪኖች በምዝገባ ላይ ተጨማሪ ትወስዳለች። ሰው እስካሁን የሚጠይቀኝ የፌዴራሉ 7,500 ዶላር የታክስ ቅናሽ ደግሞ ከሴፕቴምበር 30፣ 2025 በኋላ ለተገዙ መኪኖች የለም። ሻጭ ቢያነሳው አትስሙት።

"ጥቂት ነድቼ ወደ አገር ቤት እልካታለሁ" የሚሉም አሉ። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ ቤንዚን መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ያንን ሐሳብ ከስሌታችሁ አውጡት።

የአክስቴ ልጅ እስከ መጨረሻው ኤም 5 ነበር ልቡ። ቤቱ ጋራዥ አለው፣ ገንዘቡም አለው። ግን ቅዳሜና እሑድ እናቱን ይዞ ነው የሚዞረው፣ የሥራ መንገዱም ከባትሪው ጋር እኩል ነው፣ ሥራ ቦታው ላይ መሙያ የለም። እኔ ኤስ 500 ውሰድ አልኩት፣ ያውም የሁለት ዓመት አሮጌ። መሥሪያ ቤቱ ቻርጀር ቢተክል ኖሮ ምክሬ ይለወጥ ነበር።

ፕለግ ኢኑን ለመግዛት የወሰናችሁ ግን ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ሻንጣ ማስቀመጫውን ክፈቱና መሙያ ገመዱን ፈልጉ። አሮጌ መኪና ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ብዙ ጊዜ ቤቱ ያስቀረዋል። ካለ አውጡት፣ እዚያው ሰክታችሁ መኪናው መሙላት መጀመሩን እዩ። ከሌለ የአዲስ ገመድ ዋጋ ከመኪናው ላይ ይቀነስ፣ ቅናሹም ውሉ ላይ ይጻፍ።